አንድ ባቡር፣ ሁለት ዋጋ፦ ርካሹን ላስመጣ ወይስ ውዱን?

ሰኞ ገበያ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ነው ያለሁት። የአክስቴ ልጅ ለበዓል ከእንግሊዝ ይመጣል። «ሻንጣዬ ውስጥ ለአንድ ሎኮሞቲቭ ቦታ አለኝ፣ ሁለት ብለህ እንዳትለምነኝ» ብሎኛል። ለሞዴል ባቡር ብዬ ከኮምፔርሳቶ የሠራሁት ጠረጴዛ ሳሎን ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሐዲዱ በከፊል ተዘርግቷል፣ ጣቢያው አለ፣ ትንሽ ድልድይ እንኳ አለች። ባቡር ነው የጠፋው። ባለቤቴ «ባቡር የሌለው ጣቢያማ ኮምቦልቻ አለን፣ አንተ ደግሞ ለምን ቤት ውስጥ ጨመርክብን?» ትላለች። ምን ልበላት?

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ሆርንቢ የሚባለው የእንግሊዝ የሞዴል ባቡር ቤት ፍላይንግ ስኮትስማን የሚሉትን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በሁለት ምድብ ሸጦታል። አንዱ ሬይልሮድ የሚሉት ርካሹ ምድብ ነው። ሌላው ዋናው ነው። ዋጋቸው እጥፍ ገደማ ይራራቃል። የዋናው ምድብ ትልልቅ የእንፋሎት ባቡሮች አሁን ከ200 ፓውንድ በላይ ናቸው። ፎቶዎቹን ስልኬ ላይ አጉልቼ አየኋቸው። ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም 4472 ተጽፎባቸዋል፣ ሁለቱም ያምራሉ። ታዲያ ያ ሁሉ ብር የት ገባ? ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ዶላር በገበያ ዋጋ ከሆነ ወዲህ እጥፍ ማለት ለእኔ ቀልድ አይደለም። የምታውቁ ንገሩኝ።

ቦርከና፦

ባቡሩ ሲመጣ ኮምቦልቻ ጣቢያ ይዘኸው ውረድ። ወጥተን እልል እንልለታለን። ስለ ዋጋው አላውቅም፤ ሻዬን ይዤ ለማዳመጥ ነው የመጣሁት።

ጋሽ ካቻቪቴ፦

ልጄ፣ ሳጥኑን ተወው። ባቡሩን ገልብጠህ ሆዱን እይ።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሞተር ስጠግን ነው። የፋብሪካውንም፣ የወፍጮ ቤቱንም። የባቡር ፍቅር የያዘኝ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው። ልጄ ከጣሊያን ያመጣልኝ ሊማ የሚባል ቤት የሠራው አንድ አሮጌ ሞዴል ነበር፤ እሱን ፈትቼ ስገጥም ነው የገባሁበት። ስለዚህ ስለ ቀለሙ ሌላ ሰው ያውራ።

ርካሹ ርካሽ የሆነበት ትልቁ ምክንያት ሞልዱ ነው። ፕላስቲኩ የሚፈስበት የብረት ሞልድ ሲሠራ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ከተሠራ በኋላ ግን ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ሬይልሮድ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ ሞልዳቸው ወጪውን ከመለሰ ቆይቷል። አንዳንዱ ጭራሽ የሆርንቢ አልነበረም። ሆርንቢ በ2004 እ.ኤ.አ. የከሰረውን የጣሊያኑን ሊማ ንብረት ሲገዛ ሞልዶቹም አብረው ሄዱ። ዛሬ በሬይልሮድ ሳጥን ከሚሸጡት የእንግሊዝ የናፍጣ ባቡሮች መካከል የሊማ ልጆች አሉበት። ሰውነቱ የድሮ ነው ማለት ግን ሞተሩም የድሮ ነው ማለት አይደለም። ሞተሩን ቀይረው የሸጡት አለ።

ከዛ የእጅ ሥራ አለ። ርካሹ ላይ የሠራተኛው መያዣ ብረት ከሰውነቱ ጋር አብሮ የፈሰሰ ነው። በጥፍርህ ብትነካው እንደ መስመር ይሰማሃል እንጂ ከሥሩ ክፍተት የለውም። ውዱ ላይ ለብቻው በቀጭኑ ይሠራና ቀዳዳው ውስጥ ይተከላል። ቧንቧውም፣ ፊሽካውም፣ መሰላሉም እንደዚያው። ቻይና ያለ ፋብሪካ ውስጥ ሰው ቁጭ ብሎ በወረንጦ የሚተክለው ነው። ቀለሙና ጽሑፉም በየተራ ይታተማል። ነጯ መስመር ለብቻዋ፣ ጥቁሯ ለብቻዋ፣ ቁጥሩ ለብቻው። አብዛኛው ብርህ የሄደው እዚያ ነው።

ሞተሩ ጋ ስንመጣ፣ ብዙ ጊዜ ርካሹ ባለ ሦስት ፖል ነው፣ ውዱ ባለ አምስት። ስትከፍተው መሃሉ ላይ የተጠቀለለውን ሽቦ መቁጠር ትችላለህ። በፍጥነት ሲሄዱ ልዩነታቸው አይታወቅህም። ቀስ አድርገህ ጣቢያ ላስገባህ ስትለው ነው ጉዱ። ባለ ሦስቱ ይንተባተባል። ባለ አምስቱ ለስለስ ብሎ ይገባል። ዘንጉ ላይ የነሐስ ቮላኖ፣ ማለትም አብሮት የሚዞር ከባድ ክብ፣ ካለው ደግሞ መብራቱ ለአፍታ ቢቋረጥበት እንኳ በራሱ ግፊት ያልፋል።

አንድ ነገር ግን ከሞተሩም ይበልጣል። ስንት ጎማ ከሐዲዱ መብራት እንደሚቀበል ቁጠር። ከጎማው ጀርባ የምትነካ ስስ የመዳብ ላሜራ አለች። እሷ ያለችበት ጎማ ነው የሚቀበለው። ለሞተሩ መብራት የሚያደርሱት አራት ጎማ ብቻ ከሆኑ በእኛ አቧራ ይቆማል። ስምንት ወይም አሥር ከሆኑ ይሄድልሃል። ይህንን ሳጥኑ ላይ አይጽፉትም። ፎቶው ላይም አይታይም። የአክስትህ ልጅ ሱቅ ገብቶ ገልብጦ ይይልህ።

ሰኞ ገበያ፦

ጋሼ እጅዎን ይባርከው። እኔ ለካ ቀለሙን ነበር የማወዳድረው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦

ሰላም፣ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ቧንቧ ውሃ ነው ያደግኩት። አሁን ጀርመን ነኝ። ጋሼ በተናገሩት ላይ ልጨምር። አንዱ ኩባንያ ጋ ርካሽ ምድብ ማለት ሌላው ጋ ካለው ርካሽ ምድብ ጋር አንድ አይደለም። በዚህ ብዙ ሰው ይሸወዳል።

ፒኮ የሚባለውን የጀርመን ቤት እዩ። ዞንበርግ የምትባል ከተማ ነው ያለው። በ1949 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ጀርመን ነው የተመሠረተው። ሆቢ የሚሉት ርካሽ ምድብ አላቸው፣ ኤክስፐርት የሚሉት ደግሞ ከሱ ከፍ ያለ። ሆቢውን ስትከፍቱት ሞተሩ መሃል ላይ ተቀምጧል፤ በዘንግ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ጎማዎቹን ይነዳል። ከኤክስፐርቱ የሚለየው በይበልጥ በመልኩ ነው። መስኮቱ፣ ጣሪያው ላይ ያለው የሽቦ ዝርዝር፣ የሹፌሩ ክፍል። አካሄዱ ግን አያሳፍርም። ስለዚህ እዚህ ርካሽ ማለት «መልኩን ቀለል አድርገንልሃል» ማለት ነው።

በድሮዎቹ ርካሾች ግን ሞተሩ አንዱ ጫፍ ላይ ያለው የጎማ ሳጥን ውስጥ ታጭቆ ነው የሚገኘው። የሚነዳው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ይጮሃል። እዚያ ርካሽ ማለት አካሄዱም ርካሽ ማለት ነው። ስለዚህ ምድቡን ሳይሆን እያንዳንዱን ሞዴል ነው መጠየቅ ያለባችሁ።

ማርክሊን የሚባለውን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቁታላችሁ። ከ1859 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ጎፒንገን ከተማ። ብዙዎቹ ሎኮሞቲቮቹ ብረት ናቸው፣ እጅ ላይ ይከብዳሉ። ስታርት አፕ የሚል ርካሽ ምድብ አላቸው፤ ከላይ ያሉት ደግሞ ከ400 ዩሮ አልፈው ይሄዳሉ። እባካችሁ ግን ይህንን ስሙኝ። በማርክሊን ስም የሚወጣው የኤች ኦ መጠን ባቡር (መጠኑን ከታች እነግራችኋለሁ) የራሱ ሐዲድ ነው ያለው። መብራቱን የሚወስደው በሐዲዱ መሃል ካሉት ትንንሽ ነጥቦች ነው። የግራና የቀኝ ጎማው እርስ በርሱ አልተለየም። በተራው ባለ ሁለት ሐዲድ ላይ ካስቀመጣችሁት ሾርት ያደርጋል። ሰው በስጦታ ይልክላችሁና ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። የዚያው የማርክሊን እህት ትሪክስ ናት፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ገዝቷታል። በትሪክስ ስም የሚወጣው ለሁለት ሐዲድ ነው።

ሌላው መጠኑ ነው። የእንግሊዙ ኦ ኦ ይባላል፣ ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያነሰ ነው። የሌላው ዓለም ኤች ኦ ነው፣ 87 ጊዜ ያነሰ። ሐዲዱ ግን ለሁለቱም 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይሄዳሉ፣ ግን የእንግሊዙን ሎኮሞቲቭ ከጀርመን ፉርጎ ጋር ብትቀጥሉት ሎኮሞቲቩ ወፍራም ሆኖ ይታያል። ምክንያቱ ደስ ይላል። የእንግሊዝ ባቡሮች በእውኑም ጠበብ ያሉ ናቸው። በዚያን ዘመን የነበረው ሞተር ትንሹ ሰውነት ውስጥ አልገባ ሲል ሰውነቱን አተለቁት፣ ሐዲዱን ግን እንዳለ ተዉት።

ቦርከና፦

እህቴ፣ የእኛው የአዋሽ ኮምቦልቻው ሐዲድ ከየትኛው ጋር ይገጥማል?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦

ከኤች ኦው። ቱርኮቹ የዘረጉት ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ለ87 አካፍለው፣ 16.5 ይመጣልሃል። የድሮው የድሬዳዋው ግን አንድ ሜትር ነበር። እሱን ልሥራ የሚል ሰው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። ቤሞ የሚባል የጀርመን ቤት በዚያ ስፋት የስዊዝ ተራራ ባቡሮችን ይሠራል። ዋጋው ግን አይቀመስም።

ጋሽ ካቻቪቴ፦

የድሬዳዋውን አነሳሽብኝ። ልጅ ሆኜ በሊቶሪና፣ በዚያች ጣሊያን ሠራሽ ባለ ሞተር ባቡር፣ ሄጃለሁ። አሁን ግን ጊዜው አይደለም፣ ልጁ ጥያቄ ይዞ ቆሟል።

ጦሳ ሥር፦

እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። ውዱን ያስመጣ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ጋሼ የሚሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ሞተር ሞተር ነው። ግን ሰውዬው ባቡሩን በቀን ስንት ሰዓት ይነዳዋል? ደሴ ውስጥ መብራት ባለበት ሰዓት፣ ከሥራ ሲመለስ፣ ልጆቹ ከተኙ። የቀረውን ጊዜ ያየዋል። እኔ ባቡር የምገዛው ላየው ነው። የቆመ ባቡር ላይ የሚታየው መያዣ ብረቱ፣ የሹፌሩ ክፍል ውስጥ ያለችው የግፊት መለኪያ፣ የነሐሱ ፊሽካ ነው። ርካሹ ላይ እነዚህ የሉም ወይም ቀለም ብቻ ናቸው። አንድ ብቻ የሚያስመጣ ሰው አንዱን ደህና ያድርገው።

ደግሞ ሰው ሁሉ «ርካሹን ገዝቼ በኋላ አሳምረዋለሁ» ይላል። ማን አሳመረ? ቀለሙ፣ ጥቃቅኑ ብረት፣ ማጣበቂያው የት ይገኛል? ፒያሳ ዞራችሁ ፈልጉና ንገሩኝ።

ጋሽ ካቻቪቴ፦

መከራከሪያህ አይናቅም። ግን ቤት ውስጥ ልጅ አለ ወይ ብለህ ጠይቀው። ያ የተተከለው ቀጭን መያዣ ልጅ አንዴ በሙሉ እጁ ሲያነሳው ይሰበራል። መለዋወጫውን ከየት ታመጣለህ? ርካሹ ላይ የሚሰበር ነገር የለም። አብሮ የፈሰሰ ነውና።

ሰኞ ገበያ፦

ልጅ አለ ጋሼ። አራት ዓመቷ ነው፣ እጇም ፈጣን ነው። ድልድዩን ሁለቴ አፍርሳዋለች።

የኤሌክትሪካል ተማሪ፦

ኮምቦልቻ ነው የምማረው፣ ኤሌክትሪካል። ከመግዛትህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ። ዳገት ሠርተሃል? ባቡሩንስ በምን ልትነዳው ነው?

ሰኞ ገበያ፦

ዳገት አለኝ። ሐረጎ ብዬዋለሁ። ከታች ኮምቦልቻ፣ ከላይ ደሴ። በሜትር አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። መቆጣጠሪያው ባለ 12 ቮልት ተራ ዲሲ ነው፣ ያገለገለ።

የኤሌክትሪካል ተማሪ፦

ወይኔ ወንድሜ። አምስት ሳንቲ ሜትር በጣም ቀጥ ይላል። ሰው የሚመክረው በሜትር እስከ ሦስት ነው፤ ከሁለት ባይበልጥ ደግሞ ይመረጣል። ሐረጎን አስረዝመው፣ ጠመዝማዛ አድርገው። እውነተኛውም ጠመዝማዛ አይደል?

ዳገት ላይ የሚያሸንፈው ክብደትና መያዝ ነው። ቀላል ፕላስቲክ ሎኮሞቲቭ ጎማው ቦታው ላይ ይሽከረከራል። አንዳንዶቹ ለዚህ ጎማቸው ላይ ቀለበት ላስቲክ ያለብሳሉ። መያዙን ይይዛል። ግን ላስቲክ የለበሰው ጎማ መብራት አይቀበልም፣ ጋሼ ያሉትን ቁጥር ይቀንስብሃል። ላስቲኩም ውሎ አድሮ ይላላል። ስለዚህ ከባድ ሆኖ ላስቲክ የሌለው ካገኘህ እሱን እመርጣለሁ። ሆርንቢ በቅርብ ጊዜ በዋናው ምድብ ሰውነታቸው ብረት የሆነ የእንፋሎት ባቡሮች አውጥቷል፤ ዳገት ላይ ጎበዞች ናቸው። ዋጋቸውን ግን ራስህ እይ።

ዲሲሲ የሚባለውን፣ ማለትም ባቡሩን በዲጂታል ትእዛዝ መንዳትን በተመለከተ፣ ሳጥኑ ላይ «ለዲሲሲ ዝግጁ» ካለ ሶኬት አለው ማለት ብቻ ነው። ትእዛዙን የሚቀበለው ዲኮደር የለበትም። «የተገጠመለት» ካለ ዲኮደሩ ውስጡ ነው። ድምፅ ያለው ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው፤ ያ የእንፋሎት ፏ ፏ ለብቻው ብዙ ያስከፍላል። አንተ በተራ ዲሲ የምትነዳ ከሆነ ለዲኮደር አትክፈል። ሶኬቱ ግን ይኑርህ፣ ነገ ትፈልገዋለህ። ሶኬቱ ባለ 8 ፒንም ባለ 21 ፒንም ስለሚሆን የትኛው እንደሆነ ጻፈው።

መብራቱ ሲዋዥቅ መቆጣጠሪያህን በስታቢላይዘር በኩል አሳልፈው። ይህ ምክር አይደለም፣ ትእዛዝ ነው።

አሜሪካ ያለሁት፦

እኔም ላስጠንቅቅ። ከአሜሪካ ለሚልክላችሁ ሰው ንገሩት። እዚህ በጥቅል የሚሸጠው ባቡር ከነመቆጣጠሪያው ነው፣ መቆጣጠሪያው ደግሞ ለ120 ቮልት ነው የተሠራው። ደሴ 220 ላይ ከሰካችሁት ጭሱን እንኳ ሳትጨርሱ ያበቃል። ባቡሩ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ መቆጣጠሪያው ነው። እሱን እዚያው ተውትና ሎኮሞቲቩን ብቻ ላኩ በሏቸው። የእንግሊዙ መቆጣጠሪያ ቮልቱ ችግር የለውም፣ መሰኪያው ብቻ ነው የማይገባው።

በዋጋ እዚህም ያው ነው። አተርን የሚባለው የአሜሪካ ቤት ጀነሲስ የሚለው ከፍተኛ ምድብ አለው፣ ራውንድሃውስ ደግሞ ቀለል ያለው ነው። ልዩነቱ ባብዛኛው በየመስመሩ የነበረውን እያንዳንዱን ሎኮሞቲቭ በቁጥሩ እየለዩ ዝርዝሩን መሥራታቸው ላይ ነው። የአንዱ የፊት መብራት ከፍ ብሎ፣ የሌላው ዝቅ ብሎ። ለማያውቅ ሰው ምንም ነው። ለሚያውቅ ሰው እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው።

የቦሩ ሜዳው፦

ያገለገለ ለምን አይገዛም? በርካሹ አዲስ ዋጋ ያገለገለውን ውድ ያገኛል እኮ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦

ያገኛል፣ ግን የአክስቱ ልጅ ባቡር የማያውቅ ከሆነ አይሆንም። ሁለት በሽታ አለ። አንደኛው የዚንክ ብረቱ በሽታ ነው። ሲቀለጥ እርሳስ የተቀላቀለበት ከሆነ ከዓመታት በኋላ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ውድና ርካሽ አይልም። መድኃኒትም የለውም። ሁለተኛው የፕላስቲክ ማርሽ ነው። ዘንጉ ላይ በግፊት የገባ ትንሽ የፕላስቲክ ማርሽ ሲያረጅ ይሰነጠቅና ሞተሩ እየዞረ ጎማው ይቆማል፣ ወይም እያነከሰ ይሄዳል። እኔ ራሴ አንድ በጣም ውድ የሆነ ሎኮሞቲቭ፣ የቤቱን ስም አልጠራም፣ በማርሽ ምክንያት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦብኛል። ማርሽዋ ትንሽ ናት፣ ግን ለብቻዋ አትሸጥም።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው የሚሄድበትን ቪዲዮ ይጠይቅ። ቀስ ብሎ ሲሄድ፣ በሁለቱም አቅጣጫ።

ጋሽ ካቻቪቴ፦

የመለዋወጫውን ነገር ካነሳሽ አይቀር። የድሮው ሊማ ሞተር ካርቦኑ ሲያልቅ ሌላ ካርቦን በሞረድ አሳንሼ ገጥሜለታለሁ። ክዳኑ በብሎን ይፈታል፣ ካርቦኑና ስፕሪንጉ እጅህ ላይ ይወድቃሉ። አጽድተህ፣ አንድ ጠብታ ዘይት ዘንጉ ላይ አድርገህ ትመልሰዋለህ። የዛሬው ሞተር ግን ብዙው የታሸገ ጣሳ ነው። ሲሞት ሙሉውን ትቀይራለህ። ውዱም ርካሹም በዚህ እኩል ናቸው። ዘይት ግን አታብዙ። ኮምቦልቻ ውስጥ ዘይት የበዛበት ማርሽ አቧራውን ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል። በመርፌ ጫፍ ነው የሚነካው።

ጦሳ ሥር፦

ጋሼ፣ ካርቦን አስተካክለው የሚገጥሙ ሰው ካሉማ ልጁ ርካሹን ይግዛ፣ ተረታሁ። አራት ዓመቷ የሚለውንም ሰምቻለሁ። መያዣው ብረት ግን አሁንም ያምረኛል።

ሰኞ ገበያ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አላህ ይስጥልኝ። እንዲህ ወሰንኩ። ሬይልሮዱን ይገዛል። ሱቅ ውስጥ ገልብጦ የሚቀበሉትን ጎማዎች ቆጥሮ ፎቶ ይልክልኛል፣ ጋሼ ያዩልኛል። አራት ብቻ ከሆኑ ያስቀምጠውና በዚያው ብር ሌላ ሞዴል እንፈልጋለን። የተረፈውን ገንዘብ ለሐዲድ አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ሐረጎን ላስረዝም ነው። የኤሌክትሪካሉ ልጅ በሳቅ ገደልከኝ፣ ግን ልክ ነህ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ፔኮ ከሚባለው ቤት ሐዲዶች ኮድ 75 እና ኮድ 100 የሚሉ አሉ። 75ቱ ቀጭን ነው፣ ያምራል። ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም። የትኛውን?

ጋሽ ካቻቪቴ፦

100። የኔን ሊማ ይዤ መምጣቴ አይቀርም፣ የጎማው ከንፈር ጥልቅ ነው። 75 ላይ ከታች እየነካ ይንገጫገጫል።

ሰኞ ገበያ፦

አብሽር ጋሼ፣ 100 ይሁን። ቡናው በእኔ ነው።

ቦርከና፦

እኔም እመጣለሁ። ሐዲድ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋችኋል።